1 ጊጋ ላይ የሚነሳ፣ 2 ጊጋ ላይ የሚሞት ከርነል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ ማሽን መነሳት ነው፤ ፈርምዌሩ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ለከርነሉ (ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ትቶለት የሚሄደውን ሠንጠረዥ ስለማግኘትና ስለማንበብ። የመጀመሪያው ዝርዝሩ የተሟላ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ጸሐፊው አድራሻዎቹን የላከው በሄክሳዴሲማል ነበር። በወረቀት ለመደመርና ለማካፈል እንዲቀል ብዬ ወደ አስር ቤት ቀይሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። የራሴን ትንሽ ከርነል እየጻፍኩ ነው። ባለ 64 ቢት ነው፤ የሚሠራውም በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው። የምሞክረው በኪውኢሙ ኢሙሌተር ነው። 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ስሰጠው በሰላም ይነሳል። 1 ጊጋ ስሰጠውም ይነሳል። 2 ጊጋ ስሰጠው ግን «የሜሞሪ ካርታ ተነበበ» የሚለውን መስመር ያትምና ማሽኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። ያትማል፣ ይጀምራል፣ ያትማል፣ ይጀምራል። ብተወው እንዲሁ ሲዞር ያድራል።

ከዚያ መስመር ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የኤሲፒአይ ሠንጠረዦችን፣ ማለትም ፈርምዌሩ ስለ ማሽኑ የሚያስቀምጣቸውን መግለጫዎች፣ ማንበብ ነው። ፔጅ ቴብሉን፣ ቨርቹዋል አድራሻን ወደ ፊዚካል አድራሻ የሚተረጉመውን ሠንጠረዥ፣ የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ላይ አንድ ፔጅ ዳይሬክተሪ በ2 ሜጋ ትልልቅ ገጾች እሞላለሁ። ስታኩን አሳደግኩ። የኮምፓይለሩን ኦፕቲማይዜሽን አጠፋሁ። ምንም ለውጥ የለም። የኢሙሌተሩን ሎግ ሳበራ ሲአር2 ላይ (ፕሮሰሰሩ ሊደርስበት ያልቻለው አድራሻ የሚመዘገብበት ቦታ ነው) 2147360948 የሚል ቁጥር አገኘሁ።

ከዚያ አንዲት ገጽ፣ 4096 ባይት፣ ለጊዜው ማፕ የምታደርግ፣ ማለትም ፔጅ ቴብሉ ውስጥ የምታስገባ ፈንክሽን ጻፍኩ። መስኮቷ ቨርቹዋል አድራሻ 1610612736 ላይ ናት። ትንሽ ወደፊት ሄደ። አሁን የፕሮሰሰሮቹን ዝርዝር የያዘውን ሠንጠረዥ፣ ፊዚካል አድራሻ 2147360732 ላይ ያገኘዋል። ፊርማውን በትክክል ያነባል። ቼክሰም (የሠንጠረዡን ጤንነት ማረጋገጫ ድምር) ሲደምር ግን ተመልሶ ይሞታል። አሁን ሲአር2 የሚለው 1610616832 ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሜሞሪ መጨመር እንዴት ከርነል ይገድላል? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን ስለላክህልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መልሱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። «አይነሳም» ብቻ ብለህ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ስንገምት እንከርም ነበር።

ሜሞሪ መጨመር ከርነልህን አልገደለውም። ሜሞሪው ሲጨምር ግን ሠንጠረዦቹ ቤት ይቀይራሉ። የኢሙሌተሩ ፈርምዌር፣ ባዮሱ፣ ከሜሞሪው ጫፍ ላይ 128 ኪሎባይት ለራሱ ያስቀራል። ሠንጠረዦቹን የሚያኖራቸው እዚያ ነው። 512 ሜጋ ስትሰጠው ከ512 ሜጋ ጫፍ ስር ይሆናሉ። 1 ጊጋ ስትሰጠው ከ1 ጊጋ ጫፍ ስር። 2 ጊጋ ስትሰጠው ደግሞ ከ2 ጊጋ ጫፍ ስር።

አሁን ወደ ፔጅ ቴብልህ ተመለስ። አንድ ፔጅ ዳይሬክተሪ 512 መስመር አለው። እያንዳንዱ መስመር 2 ሜጋ ይሸፍናል። ሲባዛ 1024 ሜጋ፣ ማለትም ልክ 1 ጊጋ ይሆናል። ከርነልህ የሚያየው ዓለም እዚያ ላይ ያበቃል። 1 ጊጋ ስትሰጠው ሠንጠረዦቹ ከድንበሩ ወዲህ ናቸው፤ ለጥቂት ተርፈሃል። 2 ጊጋ ስትሰጠው ከድንበሩ ማዶ ናቸው። የመጀመሪያውን የሲአር2 ቁጥርህን እየው። 2147360948 ከ2 ጊጋ በ122700 ባይት ብቻ ያንሳል። ይህ የዋናው ማውጫ ሠንጠረዥ፣ የአርኤስዲቲ አድራሻ ነው። ከርነልህ የሞተው የማውጫውን የመጀመሪያ ባይት ሊያነብ ሲል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። «አድራሻውን የሰጠኝ ፈርምዌሩ ራሱ ነው፤ ትክክለኛ አድራሻ ነው፤ ታዲያ ለምን እምቢ ይለኛል?» ይላል። አድራሻው ትክክል ነው። ግን ፊዚካል አድራሻ ነው። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሁኔታ ላይ ፔጂንግን ማጥፋት አይፈቅድም። ስለዚህ ፖይንተር አድርገህ የምትሰጠውን ማንኛውንም ቁጥር እንደ ቨርቹዋል አድራሻ ወስዶ ፔጅ ቴብልህ ውስጥ ይፈልገዋል። ካላገኘው ፔጅ ፎልት ነው። ፈርምዌሩ የሰጠህ የቤት ቁጥር ነው፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ መሥራት የአንተ ድርሻ ነው።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር አስቀድም። ኤክሴፕሽኖችን የሚቀበለውን ሠንጠረዥ፣ አይዲቲውን፣ ከኤሲፒአይ በፊት አዘጋጅ። ማሽንህ ዝም ብሎ እንደ አዲስ የሚጀምረው ፔጅ ፎልቱን የሚቀበለው ስለሌለ ነው። ፔጅ ፎልት ቁጥር 14 ነው። ተቀባይ ሲያጣ ቁጥር 8 ይሆናል፣ ደብል ፎልት። እሱም ተቀባይ ሲያጣ ትሪፕል ፎልት ሆኖ ማሽኑ ይጠፋና ይነሳል። ሦስት ሳምንት የፈጀብህ ስህተቱ ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ስህተቱ የሚናገርበት አፍ ስላልነበረው ነው። ሦስት ነገር የሚያትም አጭር ተቀባይ ይበቃሃል። ሲአር2ን፣ የኤረር ኮዱን፣ ፎልቱ የተነሳበትን ትዕዛዝ አድራሻ። ኤረር ኮዱ 0 ከሆነ «ከርነሉ ሊያነብ ፈልጎ ገጹ የለም» ማለት ነው። የአንተ ጉዳይ ልክ ይህ ነው። ኢሙሌተሩንም በፎልት ጊዜ እንደ አዲስ እንዳይነሳ አድርገህ አስነሳው። ያኔ በሞተበት ቦታ ቆሞ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁጥር። እኔን ይበልጥ የማረከኝ እሱ ነው።

መስኮትህ 1610612736 ላይ ይጀምራል። ፎልቱ 1610616832 ላይ ነው። ቀንሰው። ልዩነቱ 4096 ነው፤ አንድ ባይት ሳይጎድል፣ አንድ ባይት ሳይተርፍ። የፎልት አድራሻ ልክ የገጽ ድንበር ላይ ሲያርፍ እኔ ሌላ ነገር አልጠረጥርም። አንባቢው ከገጹ ጫፍ ወጥቶ ወድቋል።

ለምን እንደወጣ እንመልከት። 2147360732ን ለ4096 አካፍለው። ገጽ ቁጥር 524257 ይሆንና 4060 ይተርፋል። ሠንጠረዡ የሚጀምረው በገጹ 4060ኛ ባይት ላይ ነው ማለት ነው። የሁሉም ሠንጠረዥ የጋራ ራስጌ 36 ባይት ነው። 4060 ሲደመር 36 ስንት ነው? 4096። ራስጌው ገጹን ልክ ሞልቶ አለቀ! ፊርማው በትክክል የተነበበው ለዚህ ነው። ርዝመቱም፣ የቼክሰሙ ባይትም፣ የአምራቹ መለያም በትክክል ይነበባሉ። 37ኛው ባይት ግን ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ መስኮትህ ውስጥ የለም።

በአንድ ፕሮሰሰር ከሆነ የምታስነሳው፣ ይህ ሠንጠረዥ በኢሙሌተሩ ላይ 120 ባይት ነው። 44 ባይት መግቢያው፣ 8 ለፕሮሰሰሩ፣ 12 ለአይኦ ኤፒክ (የመሣሪያዎችን ኢንተራፕት ለፕሮሰሰሮች የሚያደርሰው)፣ 50 ለአምስት የኢንተራፕት ማስተካከያዎች፣ 6 ለመጨረሻው። ከ120ው 36ቱ አንድ ገጽ ላይ፣ 84ቱ ቀጣዩ ላይ ናቸው። ፕሮሰሰር አንድ በጨመርክ ቁጥር 8 ባይት ያድጋል፤ ከኋላው ያሉት ሠንጠረዦችም ይገፋሉ። ስለዚህ ነገ የፕሮሰሰር ቁጥር ስትቀይር ሌላ ሠንጠረዥ ድንበሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዛሬ የሚሠራው ነገ ሲሞት «ፕሮሰሰር መጨመር ከርነል ይገድላል?» ብለህ እንዳትጽፍልኝ አሁኑኑ ከሥሩ እንንቀለው።

ፈንክሽንህን አንድ አድራሻ ብቻ ሳይሆን አድራሻና ርዝመት የምትቀበል አድርጋት። አድራሻውን ወደ ገጹ መጀመሪያ ዝቅ አድርግና ትራፊውን ያዝ። ትራፊውንና ርዝመቱን ደምር። ያን ለ4096 አካፍለህ ወደ ላይ አጠጋጋ። የምታገኘው የገጾቹ ብዛት ነው። በአንተ ምሳሌ 4060 ሲደመር 120፣ 4180 ነው፤ ሁለት ገጽ። ርዝመቱን ብቻ ለ4096 ብታካፍል «120 ባይት ስለሆነ አንድ ገጽ ይበቃል» ትላለህ። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የምትመልሰው አድራሻ የመስኮቱ መነሻ ሲደመር ትራፊው ነው። ትራፊውን ሳትመልስ ከቀረህ ፎልት አይኖርም፤ ግን የምታነበው የሌላ ሠንጠረዥ ሆድ ይሆናል። ይህኛው ከፎልቱ ይከፋል፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ነው የሚያሳስትህ።

«ግን ርዝመቱን ሳላነብ እንዴት አውቃለሁ?» ማለትህ አይቀርም። ሁለት ጊዜ ማፕ ታደርጋለህ። በመጀመሪያ 36 ባይት ብለህ ራስጌውን ብቻ። ከመነሻው 4 ባይት ዘልለህ ያለው ባለ 4 ባይት ቁጥር የሠንጠረዡ ሙሉ ርዝመት ነው፤ ራስጌውን ጨምሮ። ከ36 ካነሰ አትመነው። ለጤነኛ ሠንጠረዥ የማይመስል ግዙፍ ቁጥር ከሆነም ቆም በል። ደህና ከሆነ ያንን መስኮት ዝጋና በእውነተኛው ርዝመት እንደገና ክፈት። ከዚያ በኋላ ነው ቼክሰም የሚደመረው። ሁሉም ባይቶች ተደምረው የድምሩ ዝቅተኛ ባይት 0 መሆን አለበት። ራስጌውም ራሱ ድንበር ሊሻገር እንደሚችል አትርሳ። ትራፊው ከ4060 ከበለጠ ራስጌው ብቻውን ሁለት ገጽ ይፈልጋል። አንተ ጋ ልክ 4060 በመሆኑ ለአንዲት ባይት ነው የተረፍከው።

መስኮት እየቀያየርክ ስለሆነ የምትሠራው፣ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅህ። አንደኛ፣ ማውጫውን በመስኮቷ እያነበብክ መሃል ላይ መስኮቷን ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ካዞርካት ማውጫው ከእጅህ ወጣ። አድራሻዎቹን አስቀድመህ ወደ ራስህ ሜሞሪ ገልብጥ። ብዙ አይደሉም፤ ባንተ አድራሻዎች መሠረት ማውጫው 52 ባይት ሳይሆን አይቀርም፣ 36 ራስጌና አራት ባለ 4 ባይት አድራሻ። ሁለተኛ፣ የፔጅ ቴብሉን መስመር ስትቀይር ፕሮሰሰሩ የድሮውን ትርጉም ቲኤልቢ በሚባለው የአድራሻ ማስታወሻው ውስጥ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በኢንቭልፒጂ ትዕዛዝ ያችን ገጽ አስረሳው። ይህን ካላደረግክ አዲሱን ሠንጠረዥ ከፍተህ የድሮውን ታነባለህ። ፊርማው ሁለት ጊዜ ተደግሞ ሲታተም ካየህ ወዲያው ይህን ጠርጥር።

እንዲህ ካልክ ምናልባት «ለምን ጠቅላላውን ሜሞሪ ማፕ አላደርግም?» ይመጣብሃል። ይቻላል፤ ብዙ ከርነሎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን ካርታው ላይ «ለአገልግሎት ክፍት» የተባለውን፣ ቁጥር 1 የሆነውን ብቻ ማፕ ካደረግክ አሁንም ትወድቃለህ። በዚህ ኢሙሌተር ባዮስ ስር ሠንጠረዦቹ ያሉበት ክልል ቁጥር 2 ተብሎ ነው የሚመጣው፣ «የተያዘ»። በብዙ እውነተኛ ማሽኖች ላይ ቁጥር 3 ነው፣ «የኤሲፒአይ፣ ካነበብከው በኋላ መውሰድ የምትችለው»። ቁጥር 4 ደግሞ ፈርምዌሩ ለራሱ የሚጠቀምበት ነው፤ እሱን መቼም አትንካው። በዓይነት ቁጥር ላይ ተመስርተህ ከመወሰን፣ ሠንጠረዡን ልታነብ ስትሄድ ያንኑ ቦታ ማፕ ብታደርግ በሁሉም ማሽን ላይ ይሠራልሃል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ስለ ቁጥር 3 አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ከርነል ላይ ስሠራ ማሽኑ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ፔጅ ፎልት የለም። የማፕ ፈንክሽኑ ትክክል ነው፤ ደጋግሜ በእርሳስ አስልቼዋለሁ። በመጨረሻ አንዱን ሠንጠረዥ ሁለት ጊዜ አሳተምኩት። አንዴ ልክ እንደተገኘ፣ አንዴ ደግሞ ድራይቨሮቹ ሊነሱ ሲሉ። የመጀመሪያው እትም ላይ ፊርማው፣ ርዝመቱ፣ ሁሉም አለ። ሁለተኛው እትም ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 0 ብቻ። ሜሞሪ አዳዩ ቁጥር 3 የሆነውን ክልል ገና ሠንጠረዦቹን አንብበን ሳንጨርስ ለሌላ ሥራ ሰጥቶታል፤ የወሰደውም ክፍል አጽድቶ ተጠቅሞበታል። መንገዱ ነበረ፤ ቤቱ ግን ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም አንብቤ የሚያስፈልገኝን እስክገለብጥ ድረስ ያንን ክልል ለአዳዩ አላሳየውም። አንተም እንዲሁ አድርግ።

አንድ የሚጠብቅህን ፎልት ደግሞ አስቀድሜ ልንገርህ። ይህን ስታስተካክል የፕሮሰሰሮቹ ሠንጠረዥ የሎካል ኤፒክን፣ የፕሮሰሰሩን የኢንተራፕት ተቀባይ፣ አድራሻ ይሰጥሃል። አብዛኛውን ጊዜ 4276092928 ነው፣ ከ4 ጊጋ ጫፍ 18 ሜጋ ዝቅ ብሎ። እሱም ፊዚካል ነው፤ እሱም ማፕ መደረግ አለበት። ግን ከሠንጠረዦቹ ይለያል። ሠንጠረዦቹ ተራ ሜሞሪ ናቸው፤ ካሽ ቢደረጉ ችግር የለም። ኤፒኩ መሣሪያ ነው፤ ካሽ እንዳይደረግ ምልክት አድርገህ ክፈተው።

ሲስተካከል በ1፣ በ2ና በ3 ጊጋ፣ በ1፣ በ2ና በ5 ፕሮሰሰር አስነሳውና ውጤቱን ጻፍልኝ። በጉጉት እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከርነል አልጽፍም፤ ማሽኖች ነው የማስተዳድረው። አንዱ ማሽን ፈርምዌሩ ከታደሰ ወዲህ ሊኑክስ አይነሳበትም። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በቡት መስመሩ ላይ ኤሲፒአይን የሚያጠፋውን አማራጭ ስጨምር ይነሳል። ግን ከ8 ኮሮች አንዱ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የማጥፊያ ቁልፉም አይሠራም። እንዲህ ልተወው ወይስ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ አትተዪው። ያ አማራጭ ችግሩ የት አካባቢ እንዳለ ነግሮሻል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ኮሮቹ የጠፉት የኮሮቹ ዝርዝር ያለው ኤሲፒአይ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሆነ ነው። ቁልፉም የሚታወቀው በዚያው መንገድ ነው። ማሽኑ አለ፤ ከርነሉ ግን ስለ ማሽኑ የሚነግረው አጥቷል።

መጀመሪያ ጥቁሩን ስክሪን አናግሪው። አማራጩን አንሺና ኧርሊኮን የሚባለውን አስገቢ። ዋናው ማሳያ ሳይነሳ በፊት ከርነሉ የሚያትመውን ያሳይሻል። ሲሪያል ገመድ ካለሽ የበለጠ ይሻላል። በስልክ ቪዲዮ አንሺው፤ መስመሮቹ ይፈጥናሉ። የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኢ820 የሚል ምልክት ያለበት የሜሞሪ ካርታ ነው። ሌላው ኤሲፒአይ ብለው የሚጀምሩት መስመሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሠንጠረዡን ፊርማ፣ አድራሻና ርዝመት ይዟል። ወረቀት አውጪና አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ካርታው ላይ ፈልጊያቸው። ጤነኛ ማሽን ላይ ሁሉም ለኤሲፒአይ በተሰጠ ወይም «የተያዘ» በተባለ ክልል ውስጥ ያርፋሉ። አንዱ ለአገልግሎት ክፍት በተባለ ሜሞሪ ውስጥ ካረፈ፣ ወይም ካርታው ላይ ጭራሽ ከሌለ፣ ጥፋቱን ወደ ፈርምዌሩ አድርጊው። ፈርምዌሩ ከመታደሱ በፊት የተቀመጠ የቡት ሎግ ካለሽ ጎን ለጎን አድርገሽ አወዳድሪ። ያኔ የነበረና አሁን የተለየ አንድ መስመር ማግኘት የአንድ ሳምንት ግምት ያስቀርልሻል።

ርዝመቱንም አትለፊው። ሊኑክስ ገና ሲነሳ ሠንጠረዦችን የሚያነበው በጊዜያዊ መስኮቶች ነው። ከላይ ያለው ወንድማችን እየሠራ ያለው የዚያኑ ታናሽ ነው። በኤክስ86 ማሽኖች ላይ መስኮቶቹ 8 ናቸው፤ እያንዳንዱ 64 ገጽ፣ ማለትም 256 ኪሎባይት ይይዛል። ርዝመቱ ላይ የማይታመን ቁጥር የተጻፈበት ሠንጠረዥ ካየሽ እሱን አስምሪበት።

እስከዚያው ማሽኑ ለሥራ የግድ ካስፈለገ ወደ ቀድሞው ፈርምዌር መመለስ ከተቻለ ተመለሺ። ኤሲፒአይን አጥፍቶ ከመሥራት እሱ እጅግ ይሻላል። ለአምራቹ ስትጽፊ ካርታውንና የሠንጠረዡን መስመር አንድ ላይ ላኪ። «ሊኑክስ አይነሳም» የሚል ደብዳቤ ሊታለፍ ይችላል። «ይህ ሠንጠረዥ ካርታው ነጻ ባለው ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጧል» የሚለውን ግን ፈርምዌር የሚጽፍ ሰው ሲያነበው ወዲያው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የኤሲፒአይን መነሻ፣ የዋናውን ማውጫ አድራሻ የያዘውን፣ ከ1 ሜጋ በታች ፈልገው እንዲያገኙ ነው የማሠራቸው። በኢሙሌተር ያገኙታል፤ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ብዙዎቹ አያገኙም። ትምህርቱን ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩት፤ ይጨምሩበት። ኤሲፒአይ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት። ያኔ ማሽኑ የሚነሳው በባዮስ ነበር። መነሻውም የሚፈለገው በተራዘመው የባዮስ ዳታ ክልል የመጀመሪያ 1 ኪሎባይት ውስጥ፣ ከዚያም ከ896 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋ ባለው ቦታ ላይ በየ16 ባይቱ ነበር። ተማሪዎችዎ የሚፈልጉት ፊርማ 8 ባይት ነው፤ መጨረሻው ባዶ ቦታ ነው፤ ያችን ባዶ ቦታ የሚረሳ ተማሪ አይጠፋም። ለመጀመሪያዎቹ 20 ባይቶች ቼክሰም ማስደመርዎን አይተዉ። በአጋጣሚ ተመሳሳይ ፊደላት ያሉበት ቦታ ላይ እንዳያርፉ የሚጠብቃቸው እሱ ነው።

ባዮስን በተካው ፈርምዌር፣ በዩኢኤፍአይ፣ የሚነሱ ማሽኖች ላይ ግን መነሻው እዚያ እንዲገኝ ግዴታ የለም። አድራሻው ያለው ፈርምዌሩ ለቡትሎደሩ በሚሰጠው የኮንፊገሬሽን ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ቡትሎደሩ ከዚያ ወስዶ ለከርነሉ ያስረክባል። ሁለት ምዝገባ ካገኙ፣ አንዱ የኤሲፒአይ 1 ሌላው የ2፣ የ2ን ይምረጡ። እሱ 36 ባይት ነው፤ ቼክሰሙም ሁለት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 20ና ለጠቅላላው።

ለክፍልዎ ጥሩ ልምምድ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልዎ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው እትም ኤክስኤስዲቲ የሚባለውን አዲስ ማውጫ አመጣ። አድራሻዎቹ 8 ባይት ናቸው፤ የሚጀምሩት ግን ከ36 ባይቱ ራስጌ ቀጥሎ ነው። 36 ለ8 ተካፍሎ 4 ይተርፋል። ማውጫው ራሱ በ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ ቢጀምር እንኳ አድራሻዎቹ በ8 አይካፈሉም። በቀጥታ እንደ ባለ 8 ባይት ድርድር ሲነበቡ በኢንቴል ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። አሰላለፍን በሚመረምር ቋንቋ የጻፈ ተማሪ ግን ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ይቆምበታል። ባይት በባይት ገልብጠው እንዲያነቡት ያድርጉ። በዚያው ሰዓት ማፕ የማድረጉን ሥራም ያሠሯቸው፤ ሜሞሪውን አንዴ 512 ሜጋ፣ አንዴ 2 ጊጋ አድርገው።